መጋረጃ ቁልፍ አይሆንም

የቤተሰብ ፎቶግራፍ ከሣጥን ወጥቶ ወደ ድረ ገጽ ከገባ ሰነባብቷል። አንዱ ልጅ ጅዳ፣ ሌላዋ ዋሽንግተን፣ እናት አዲስ አበባ በሚኖሩበት ቤት የዒዱንና የኒካሑን ፎቶግራፍ በአንድ ቦታ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። እኛም ለዘመዶቻችን እንዲህ ያለ ማኅደር ስናዘጋጅ የመረጥነው ፒዊጎ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነበር። የመጀመሪያውን እትም እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ፒየሪክ ለ ጋል የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2009 ነው።

የማኅደሩን መልክ የሚወስነው «ቴም» የሚባለው ክፍል ነው። ፎቶግራፎቹ ሳይነኩ ቴሙ እንደ ልብስ ይቀያየራል። በውስጡ ቴምፕሌትና ሲኤስኤስ ይገኛሉ። ቴምፕሌቱ ርእሱና ፎቶግራፉ በገጹ ላይ የት እንደሚቀመጡ ይደነግጋል፤ ሲኤስኤሱ ደግሞ ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ የመስመሩንም ክፍተት ይወስናል።

የመጀመሪያው ጉዳያችን ፊደሉ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ዛሬ በአማርኛ ርእስ መጻፍ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ቴሙ ለላቲን ፊደል ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ ጽሑፋችን ደቃቅና የተፋፈገ ሆነ። አቢሲኒካ የተባለውን ፊደል አስገብተን፣ መጠኑንና የመስመሩን ክፍተት ስንጨምር እናታችን የልጅ ልጆቻቸውን ስም ራሳቸው ማንበብ ቻሉ።

ከወራት በኋላ አዲሱን የሶፍትዌር እትም ስናስገባ ግን ይህ ሁሉ ድካም ጠፋ። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ የነካካነው የዋናውን ቴም ፋይል ስለነበረ አዲሱ እትም ተተካበት። ትክክለኛው መንገድ ለራስ ቴም ሌላ ፎልደር ከፍቶ፣ ነባሩን ቴም «ወላጅ» አድርጎ መመዝገብ ነው። ልጅየው ያልለወጠውን ሁሉ ከወላጁ ይወርሳል። የሚፈለገው ቀለምና ፊደል ብቻ ከሆነ ደግሞ «ሎካል ፋይልስ ኤዲተር» በተባለው ተጨማሪ መሣሪያ መጻፍ ይበቃል፤ ይህ ለብቻው ስለሚቀመጥ እድሳት አያጠፋውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ድካም ነው። የሚቀጥለው ግን የአማና ጉዳይ ነው።

በእኅታችን ሠርግ ሴቶች ብቻቸውን ሆነው የተነሷቸው ፎቶግራፎች ነበሩ። ከሴት ዘመዶች በቀር ማንም እንደማያያቸው ቃል ገብተንላታል። እኛም በሲኤስኤሱ ላይ አንድ መስመር ጽፈን አልበሙ ከዝርዝሩ እንዳይታይ አደረግንና ተረጋጋን። አንድ ቀን ወጣቱ የአጎታችን ልጅ በአድራሻው ላይ ያለውን የአልበም ቁጥር ሲለውጥ የተደበቀው አልበም ተከፈተለት። ልጁ ወዲያው ዘግቶ ነገረን፤ አላህ ይስጠው። ከእርሱ በፊት ማን እንደተመለከተው ግን ማወቅ አልቻልንም። ለእኅታችን እውነቱን ነግረን ይቅርታ ጠየቅን።

እንግዲህ ቴም መጋረጃ ነው፤ ከዓይን ይሰውራል እንጂ በር አይቆልፍም። ቁልፉ የሚገኘው በአስተዳዳሪው ገጽ ነው። እዚያ አልበሙን «የግል» አድርጎ፣ የሚፈቀድላቸውን ሰዎች በስም ወይም በቡድን መመዝገብ ይቻላል። ከዚህም ሌላ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ለሁሉም፣ ለሚያውቁን፣ ለወዳጆች፣ ለቤተሰብ፣ ለአስተዳዳሪዎች ብቻ የሚሉ አምስት ደረጃዎች አሉ። ይህ ከተደረገ በኋላ ከአስተዳዳሪነት ወጥቶ፣ እንደ ባዳ ሰው ገብቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። ቢሆንም የተፈቀደለት ሰው አውርዶ ለሌላ ያሳለፈውን ፎቶግራፍ የትኛውም ቁልፍ አይመልሰውም።

ወጣቶች ሆይ! በየቤታችሁ ይህን ሥራ የሚሰጧችሁ «ልጃችን ኮምፒዩተር ያውቃል» ብለው ነው። ገጹን አሳምሩት፤ ፊደሉን ለአያቶቻችሁ ዓይን አስተካክሉት። ከማሳመራችሁ በፊት ግን ቆልፉት። ባለፎቶዋን ጠይቃችሁ፣ እሺ ያላለችውን አታስገቡ።