የእንጦጦ አቀበትና የብስክሌተኛው ዋት፦ ኃይልን በመለካት መሠልጠን እንዴት ይጀመራል?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ የብስክሌተኛን ጽናት የሚፈትን አቀበት ነው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብቻ እየተጓዘ ሽቅብ የሚወጣ ጋላቢ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ፔዳሉን ሳይነካ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በመሆኑም በእንዲህ ያለ ስፍራ ፍጥነት የልፋትን መጠን አያሳይም።

የልፋቱን ልክ የሚያሳየው በዋት የሚለካው ኃይል ነው። ይህም እግር በፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ግፊትና ፔዳሉ የሚዞርበት ፍጥነት ተባዝተው የሚገኝ ውጤት ነው። በፔዳሉ ወይም በፔዳሉ ክንድ ላይ የሚገጠመው መለኪያ፣ ብረቱ በግፊት ሲለመጥ በዓይን የማይታየውን ለውጥ መዝግቦ ወደ ዋት ይቀይረዋል። የልብ ምት ለጥረቱ ምላሽ ለመስጠት ጊዜ ይወስዳል፤ በሙቀት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በቡናም ይለዋወጣል። ዋት ግን ጥረቱን በዚያው ቅጽበት ያሳያል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከስፖርተኞቿ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። በዚያን ዘመን ይህ መለኪያ አልነበረም፤ በጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪሽ ሾበረር አማካይነት ሥራ ላይ የዋለው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ በደረሰበት የውድድር ደረጃ ግን ዋት የአሠልጣኝና የጋላቢ የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ሆኗል።

መሣሪያው ባይኖርስ?

መለኪያው ከውጭ የሚገባና ውድ በመሆኑ ብዙ ጀማሪዎች ገና ከመነሻው ተስፋ ይቆርጣሉ። ሆኖም አቀበቱ ራሱ መለኪያ ሊሆን ይችላል። የጋላቢውና የብስክሌቱ ክብደት በኪሎ ግራም ተደምሮ በ9.8 እና በተወጣው ከፍታ ይባዛል፤ ውጤቱም በወሰደው ሰከንድ ይካፈላል።

ለምሳሌ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋላቢ በ10 ኪሎ ግራም ብስክሌት 300 ሜትር ከፍታ በ20 ደቂቃ ቢወጣ፣ ስሌቱ ወደ 172 ዋት ይሰጣል። ለጎማው ፍትጊያና ለአየሩ ግፊት 20 ዋት ያህል ሲታከልበት 190 ዋት ይጠጋል። ግምት ቢሆንም፣ ያው አቀበት በየጊዜው ሲደጋገም የእድገትን አቅጣጫ በግልጽ ያሳያል።

ከፈተናው እስከ ልምምዱ

የሥልጠናው መነሻ አንድ ጋላቢ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠብቆ ሊያቆየው የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ነው። ይህን ለማወቅ ሰውነትን በሚገባ ካሟሟቁ በኋላ 20 ደቂቃ በሙሉ ጥረት፣ ነገር ግን ወጥ በሆነ አካሄድ መጋለብ ያስፈልጋል። የተገኘው አማካይ በ0.95 ይባዛል፤ በምሳሌው መሠረት 190 ዋት ወደ 180 ይወርዳል ማለት ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከፈተናው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባዋል።

ልምምዱ በዚህ ቁጥር ይከፋፈላል። ለማገገም የሚደረግ ጉዞ ከ100 ዋት በታች፣ ጽናትን የሚገነባው ረጅም ጉዞ ከ100 እስከ 135 ዋት፣ ከባዱ ልምምድ ደግሞ ከ164 እስከ 189 ዋት ይሆናል። ለጀማሪ በሳምንት ሁለት ከባድ ቀን ይበቃል፤ ለምሳሌ በመካከላቸው የአምስት ደቂቃ እረፍት ያላቸው ሁለት የአሥር ደቂቃ ጥረቶች።

የጉለሌ ጋላቢ ዋነኛ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። አቀበት ባለበት ሰፈር ቀላል ቀን በቀላሉ ወደ ከባድነት ይለወጣል፤ በየቀኑ ከባድ የሚጋልብ ደግሞ ይዝላል እንጂ አይጠነክርም። ዋት የሚያስተምረው ትልቁ ነገር መቼ መቆጠብ እንደሚገባ ነው። ቁጥሩ ከልኩ ሲያልፍ ማርሹን ማቅለል፣ ይህም ካልበቃ አቀበቱን ትቶ ረባዳ መንገድ መምረጥ ይሻላል።

የከፍታው ነገር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ የሚያወጣው ዋትም ይቀንሳል። ስለሆነም በቆላ የተገኘን ቁጥር በእንጦጦ መጠቀም ከአቅም በላይ ያሠራል። ፈተናውን ልምምዱ በሚደረግበት ስፍራ መውሰድ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜም መድገም ይገባል። መለኪያ ያለው ጋላቢ የሙቀት ለውጥ ንባቡን እንዳያዛባው ከጉዞ በፊት መሣሪያውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል።

በመጨረሻም መንገዱ የጋራ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ አህዮችና ታክሲዎች ይመላለሱበታል። ስለዚህ ጥረቱ በማለዳ፣ ሽቅብ ብቻ ይደረግ፤ ቁልቁለቱ ላይ ዓይን ከቁጥሩ ተነሥቶ መንገዱን፣ እጅም ፍሬኑን ይጠብቅ።