የአንጎል የጨረር ቀዶ ሕክምና፦ በመድን ካርድ የሚከፈለውና ያለ መድን የሚጠየቀው



አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ እንዳለና የጨረር ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው በሐኪም የተነገራቸው ወገኖች ወደ ጽሕፈት ቤታችን ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ያስከፍላል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእርሱ የሚቀድም ግን አለ፤ ይኸውም ከጠቅላላው ሒሳብ ውስጥ በሕግ የእናንተ ዕዳ የሚሆነው ስንቱ ነው የሚለው ነው።

ሕክምናው ቀዶ ይባል እንጂ ቢላ የለውም፤ የራስ ቅልም አይከፈትም። ጋማ ናይፍ የተባለው መሣሪያ በቅርብ ጊዜ ሞዴሎቹ ከኮባልት 60 የሚወጡ 192 ቀጫጭን ጨረሮችን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ በአንዲት ነጥብ ላይ ያገናኛል። ሳይበር ናይፍ ወይም ሊኒያር አክስለሬተር የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል፤ አንዳንዴ እስከ አምስት ቀጠሮ ይከፋፈላል። ብዙ ታካሚዎች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሐኪሙ ቀላል ቢሆንም ለሒሳቡ ከባድ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኙታላችሁ።

በዱባይ የጤና መድንን ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ ቁጥር 11 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የመድኑን ዓረቦን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ለቤት ሠራተኞች ደግሞ ስፖንሰሩ። ከደሞዛችሁ ሊቀንሰው አይፈቀድለትም። ዝቅተኛ ደሞዝ ያላቸው ሠራተኞች በብዛት የሚይዙት መሠረታዊው የመድን ጥቅል በዓመት እስከ 150,000 ድርሃም ይሸፍናል። ሆስፒታል ተኝቶ ለሚሰጥ ሕክምና የታካሚው ድርሻ 20 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ድርሻው በአንድ ሕክምና ከ500 ድርሃም፣ በዓመት ደግሞ ከ1,000 ድርሃም አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ያለውን መድን ሰጪው ሙሉ በሙሉ ይከፍላል።

ለምሳሌ ያህል የሆስፒታሉ ሒሳብ 60,000 ድርሃም ነው እንበል። 20 በመቶው 12,000 ይሆናል። ይህን ቁጥር ሰምቶ ቀጠሮውን የሚተው፣ ወይም የአገር ልጆች መዋጮ እንዲያሰባስቡለት የሚለምን ሰው ጥቂት አይደለም። በጣሪያው መሠረት ግን ሕክምናው እንደ ተኝቶ ሕክምና ከተመዘገበ ከኪሱ የሚወጣው 500 ድርሃም ብቻ ነው። የመዋጮው ደብተር ከመዞሩ በፊት የካርዱ የጥቅም ሠንጠረዥ ይነበብ።

«ከተመዘገበ» ያልሁት በከንቱ አይደለም። በመሠረታዊው ጥቅል በተመላላሽ ሕክምና የታካሚው ድርሻ 20 በመቶ ሆኖ ይህ ጣሪያ አይሠራለትም። በዚያው ቀን የሚያልቅ የጨረር ሕክምና በየትኛው ወገን እንደሚመዘገብ በሆስፒታሉ የመድን ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከሕክምናው በፊት የሚታዘዘው ኤም አር አይም ብዙውን ጊዜ በተመላላሽ ይቆጠራል። ድንገተኛ ላልሆነ ኤም አር አይም ሆነ ለሕክምናው ራሱ የመድን ሰጪው ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ ስፔሻሊስት የሚኬደውም በካርዱ መረብ ውስጥ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ሲልካችሁ ነው። ለሚጥል በሽታና ለእብጠት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ድርሻ 30 በመቶ፣ የዓመቱ ሽፋን ደግሞ የተወሰነ ነው፤ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ይህ ገንዘብ ቶሎ ያልቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ መድን የገባ ሰው ቀድሞ ለነበረበት ሕመም ስድስት ወር ሊጠብቅ ይችላል። ሕመምን መደበቅ ግን ሽፋኑን ለመከልከል ምክንያት ስለሚሆን ቅጹን በእውነት ሙሉ።

በሻርጃ፣ በአጅማን፣ በኡም አል ቁዌይን፣ በራስ አል ኸይማና በፉጀይራ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትና ለማደስ መድን ግዴታ ሆኗል። የመሠረታዊው ጥቅል ዋጋ በዓመት 320 ድርሃም ሲሆን በተኝቶ ሕክምና የታካሚው ጣሪያ እዚያም 500 እና 1,000 ድርሃም ነው። አቡ ዳቢ የራሱ ሕግ ስላለው የዚያ ነዋሪዎች ካርዳችሁን ይዛችሁ ጠይቁን።

መድን የሌለው ሰው ሁኔታ ይለያል። ሙሉው ሒሳብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ድርሃም ነው፤ ሆስፒታሉም አስቀድሞ ተቀማጭ ይጠይቃል። በዱባይ መድን ያልገባ አሠሪ በየወሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 500 ድርሃም ይቀጣል፤ የሠራተኛውን የድንገተኛ ሕክምና ወጪም ራሱ ይሸከማል። የጨረር ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በቀጠሮ የሚደረግ እንጂ ድንገተኛ ስላልሆነ በዚህ ድንጋጌ ብቻ አትተማመኑ። ለዱባይ ጤና ባለሥልጣን በ800 342 አመልክታችሁ አሠሪው መድኑን እንዲገባ ማድረግ ይሻላል። ከአሠሪ ቤት የወጣችሁና በግላችሁ የምትከፍሉ ደግሞ ጥቅል ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምርመራው፣ የጨረሩ ዕቅድ፣ የራስ መያዣው፣ አልጋውና የመጀመሪያው ክትትል በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖራቸው በዝርዝር ይጻፍ። በዐረብኛ የተዘጋጀ የዕዳ ዋስትና ሳታስተረጉሙ አትፈርሙ።

የሕመም ፈቃድን በተመለከተ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በዓመት 90 ቀን ይገባዋል፦ 15 ቀን በሙሉ ደሞዝ፣ 30 ቀን በግማሽ፣ ቀሪው ያለ ክፍያ። የቤት ሠራተኛ 30 ቀን አላት፤ የመጀመሪያዎቹ 15 በሙሉ ደሞዝ ናቸው።

ሕክምናው በአንድ ቀን ቢያልቅም ውጤቱ በአንድ ቀን አይታይም። ዕጢው ማደጉን ማቆሙ የሚረጋገጠው ከወራት በኋላ በተደጋጋሚ ኤም አር አይ ነው፤ ለተወሳሰቡ የደም ሥሮች ሲደረግ ደግሞ እስኪዘጉ ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል። የሁለት ዓመት ውል ያለው ሠራተኛ ክትትሉ ሳያልቅ ውሉም ካርዱም ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ ቪዛችሁ ከመሰረዙ በፊት የምስሎቹን ሲዲ፣ የተሰጠው የጨረር መጠን የተጻፈበትን ሪፖርትና የመድኃኒት ዝርዝሩን ከሆስፒታሉ ውሰዱ፤ አገር ቤት የሚከታተላችሁ ሐኪም ያለ እነርሱ ማነጻጸር አይችልም።

መድን ሰጪው ከከለከለ የክልከላውን ደብዳቤ፣ የካርዱን ፊትና ጀርባ ቅጂ፣ የዋጋ ግምቱንና የሥራ ውሉን ይዛችሁ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ኑ። ለአሠሪውና ለመድን ሰጪው የሚላከውን ደብዳቤ የምናዘጋጀው በእነዚህ ሰነዶች ላይ ተመሥርተን ነው።