«ሲስተም የለም»፦ ወረፋው ሰቆጣ ነው ወይስ አዲስ አበባ?

ሰቆጣ ገንዘብ ሲያልፍባት የኖረች ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በመቀሌ በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ከሚተላለፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌው ራሱ መገበያያ ስለነበረ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። የልዩነቱ ምንጭ የጋማ ከብት ድካም፣ የኬላ ቀረጥና የመንገዱ አደጋ ሲሆን፣ ነጋዴውም ይህንኑ አስቀድሞ አስልቶ ነበር የሚገባበት።

ዛሬ በዋግ ኽምራ ገበያዎች ከሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ከፊሉ የሚሄደው በአህያ ጀርባ ሳይሆን በሽቦ ነው። የርቀቱ ዋጋ ግን አልቀረም። ያኔ በአሞሌ ቁጥር ይለካ የነበረው አሁን «ሲስተም የለም» በምትል አጭር መልስ ይገለጻል።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የፍየል ገበያን ማሰብ ይበቃል። ከአበርገሌ በኩል 30 ፍየሎች ይዞ የወጣ ሻጭ ከወልድያ ከመጣ ገዢ ጋር በዋጋ ተስማማ እንበል። ገዢው በሞባይሉ ገንዘቡን ላከ፤ ለሻጩ ግን መልእክቱ አልደረሰውም። ሻጩ ገንዘቡን ሳያይ አያስረክብም፣ ገዢውም ድጋሚ አይልክም። በመሐል የቆመው ደላላ ኮሚሽኑ እየራቀበት ነው። ዕቃው ማር ቢሆን ኖሮ ለነገ ቢያድር የሚያመጣው ጉዳት የለም። ፍየል ግን ማደሪያ፣ ውኃና ጠባቂ ትፈልጋለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዋጋ የሚቀንሰው ሻጩ ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን የሚጥሉት በርቀቱ ላይ ነው። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ በመኪና መንገድ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ዞሮ 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ከሴኮንድ መቶኛ አይበልጥም። ቅርንጫፉ የሚሠራው በሳተላይት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ጥያቄና መልሱ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ይህም ብቻውን የሚያስከፋ አይደለም። የሚያስከፋው ለአንድ ዝውውር 20 ጊዜ ወደ ዋናው ሰርቨር የሚመላለስ ፕሮግራም ሲሆን ነው። በፋይበር የሴኮንድ አንድ አምስተኛ የሚፈጀው ሥራ በሳተላይት 10 ሴኮንድ ይሆናል። ዋና መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙን የሚፈትን ባለሙያ ይህን ሊያየው አይችልም፤ ሰርቨሩ ከጎኑ ነውና።

እርግጥ ነው፣ ሽቦው ከነጭራሹ የተበጠሰበት ጊዜም ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ሰቆጣ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦባት ቆይታለች። ለዚያ ዓይነቱ «የለም» የኮምፒውተር ባለሙያ መፍትሔ የለውም። እዚህ የተነሳው ጉዳይ መስመሩ እያለ፣ መብራቱ እያለ፣ መልሱ ስለሚዘገይበት ቀን ነው።

በዓለም ላይ ብዙ የባንክና የቴሌኮም ሥራዎች የሚካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ በተወለደው ዩኒክስና በእሱ አምሳያ በተሠራው ሊኑክስ ላይ ነው። እነዚህ ሰርቨሮች የሚታዘዙት ለወረፋ ሕግ ነው። የወረፋ ሕግ ደግሞ በባንክ መስኮት ለቆመ ሰው እንግዳ አይደለም። ሰርቨሩ አንድን ዝውውር ብቻውን ሲያገኘው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይጨርሰዋል እንበል። ደንበኞች ሳይቀጣጠሩ የሚመጡ ከሆነ፣ ሰርቨሩ 50 በመቶ ሲያዝ አንዱ ዝውውር ከነወረፋው የሚፈጀው ጊዜ በእጥፍ ያድጋል። 80 በመቶ ሲያዝ አምስት እጥፍ፣ 90 ሲደርስ አሥር እጥፍ፣ 95 ሲደርስ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 95 ለመድረስ የጨመረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ጥበቃው ግን በእጥፍ አድጓል። ደመወዝ በሚከፈልበት የወር መጨረሻና በበዓል ዋዜማ ሲስተሙ «ድንገት» የሚሞተው ለዚህ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ የፍየል ገበያው የሚደራበት ቀን መሆኑን የዋግ ነጋዴ አሳምሮ ያውቀዋል።

መፍትሔው አዲስ ማሽን መግዛት የሚመስላቸው ኃላፊዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረፋው የትኛው መስኮት ላይ እንደሆነ ነው። የሒሳብ አንጎሉ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩ ወይስ ኔትወርኩ? በዩኒክስ ላይ ቪኤምስታት፣ አይኦስታትና ሳር የሚባሉት ትእዛዞች ይህንኑ ያሳያሉ። ሜሞሪ ሲሞላ ሰርቨሩ ሥራውን ወደ ዲስክ እያወጣ መልሶ ያስገባል። የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ያኔ አንጎሉ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ፈጣን አንጎል መግዛት ዕቃ ያዥ ለቸገረው መጋዘን ገንዘብ ያዥ እንደ መቅጠር ነው።

ከሁሉ ርካሹ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ ውስጥ ይገኛል። አንድን ሒሳብ ለማግኘት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚያገላብጥ ጥያቄ፣ ትክክለኛ ማውጫ ሲሠራለት በጥቂት እርምጃ ይጨርሳል። በሥራ ሰዓት የሚጠየቅ ከባድ ሪፖርት ወደ ሌሊት ቢዛወር የገበያው ሰዓት ይቀለዋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ዶላር ሳይሆን የሚያውቅ ሰውና ትዕግሥት ነው።

የዶላሩ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። 200 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሰርቨር ለመግዛት ከ11 ሚሊዮን ብር በላይ ይበቃ የነበረ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ የሚጠይቅ ሆነ። ያለውን ማሽን በሚገባ ማሠራት የባለሙያ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የባለአክሲዮን ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ሲስተም መነካካት የራሱ አደጋ አለው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ችግር ገና ከነጋዴው አእምሮ አልወጣም። ደንበኞች ለሰዓታት ያህል ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያዛውሩ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ምክንያቱ በሲስተሙ ላይ ይካሄድ ከነበረ የማሻሻል ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አስታውቋል። ከ490 ሺህ በላይ ዝውውሮች የተፈጸሙ ሲሆን፣ ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደነበረ፣ አብዛኛውም እንደተመለሰ ተገልጿል። የዚያ ሌሊት ሲስተም ዘገምተኛ አልነበረም፤ ቀሪ ሒሳብን ሳያመሳክር ይከፍል ነበር። ማስተካከያ በሙከራ ማሽን ላይ ካልተፈተነ፣ አንድ በአንድ ካልተደረገና ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ፍጥነቱ ዕዳ ይሆናል። ንጽጽሩ ለሰቆጣው ደላላ ግልጽ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ገንዘብ አንድ ቀን ያከስራል፣ ከመጣ በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ግን ፍየሎቹ ከሄዱ በኋላ ነው የሚያከስረው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የባንክ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ብዙ ሰነድ ያገላብጣል። ስለ ተቀማጭ፣ ስለ ብድርና ስለ ቅርንጫፍ ብዛት ቁጥር አይቸግረውም። የሲስተም ፍጥነት ቢጠቀስም በአማካይ ነው የሚጠቀሰው። አማካይ ደግሞ ገጠሩን ይሸፍናል። ከ100 ዝውውሮች 99ኙ በግማሽ ሴኮንድ አልቀው አንዱ 60 ሴኮንድ ቢፈጅ አማካዩ 1.1 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን የሚያወጣ ባለአክሲዮን አማካዩን ትቶ፣ ከ100 ዝውውሮች የመጨረሻዎቹ አምስቱ ስንት ሴኮንድ እንደፈጁና ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደተላኩ ቢጠይቅ ይሻለዋል።