ቀዩ ድንቢጥ

በባሕር ዳር፣ ጣናን ተንተርሶ በተሠራ ግቢም ሆነ ወደ መሐል ከተማ ገባ ባለው፣ እህል ሊሰጣ ሰሌን በተነጠፈ ጊዜ፣ ባለቤቲቱ ሰፌዷን ገና ሳታኖር ከአጥር ሥር ብቅ ብሎ ከጠርዙ የፈሰሰውን የሚለቅም፣ ርዝመቱ ወደ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቀይ ወፍ አለ፤ ሰው ስለ ለመደው ልብ አይለውም። ተባዕቱ ከራሱ እስከ ደረቱ ቀይ ሆኖ በደረቱ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ፣ በዓይኑ ዙሪያም ቀጭን ቢጫ ክበብ አለው፤ እንስቲቱ ግን ቡናማ ናትና ቅላቷ በምንቃሯና በዓይኗ መካከል፣ ደግሞም ከጅራቷ በላይ ብቻ ይታያል።

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1766 ይህን ድንቢጥ በሴኔጋል ስም ሲሰይመው፣ በአውሮፓ የአትክልት ስፍራ ከሚዘምረው ፊንች ጋር በአንድ ወገን መድቦት ነበር፤ ኋላ የተነሡት ሊቃውንት ግን ለያይተዋቸዋል፤ ጎጆአቸውን ላየም መለየታቸው ተገቢ ነው፤ የአውሮፓው አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ጎጆ ሲሠራ፣ የእኛው ከደረቅ ሣር ጣራ ያለው ድቡልቡል ቤት አበጅቶ፣ በሩን በጎኑ ትቶ፣ ውስጡን ላባ ያነጥፍበታልና። በሣር ክዳን ውስጥ፣ በግድግዳ ቀዳዳ፣ በቁጥቋጦም ይሠራዋል፤ ነጫጭ እንቁላሎቹንም ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ባዕድ ልጅ ማሳደጉ ነው። በመራቢያው ወራት ተባዕቱ ሰማያዊነት ባለው ጥቁር ላባ የሚያብረቀርቅ ሌላ ትንሽ ወፍ አለ፤ ይህ ወፍ ጎጆ ሠርቶ አያውቅም፤ እንስቲቱ በድንቢጥ ጎጆ ገብታ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። የተፈለፈለውም ጫጩት አፉን ሲከፍት በላንቃው ላይ ያሉት ነቁጦችና በአፉ ጠርዝ ያሉት ብሩህ እብጠቶች የድንቢጥን ጫጩት ስለሚመስሉ፣ አሳዳጊዎቹ ከልጆቻቸው ሳይለዩ ይመግቡታል። ኩኩ የምትባለው የአውሮፓ ወፍ ልጅ የባለቤቱን እንቁላልና ጫጩት ከጎጆ አውጥቶ ሲጥል፣ ይህ ግን ከድንቢጥ ልጆች ጋር አብሮ ያድጋል፤ እንግድነቱ ጨዋነት አለው ማለት እወዳለሁ።

ጀርመናዊው ዩርገን ኒኮላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ተባዕቱ እንግዳ፣ ከየኔታው እግር ሥር ዜማ እንደሚቀጽል የቆሎ ተማሪ፣ የአሳዳጊውን ዝማሬ ያጠናል፤ ለአካለ መጠን በደረሰም ጊዜ ከራሱ ነገድ ጩኸት ጋር እያቀላቀለ ይዘምረዋል። በድንቢጥ ጎጆ ያደገችውም እንስት ያንን ዜማ የሚያሰማውን ተባዕት ትመርጣለች፤ እንቁላሏንም መልሳ ከድንቢጥ ጎጆ ትጥላለች። ስለዚህ ከዛፍ ጫፍ ወይም ከመብራት ሽቦ ላይ ተቀምጦ የሚዘምረውን ጥቁር ወፍ በሰፈሩ የሰማ ሰው፣ ቀዩ ድንቢጥ በዚያው አቅራቢያ መኖሩን ሳያየው ሊያውቅ ይችላል።