የሣር ብርብራ

በጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ያለች አንዲት ገላጣ የግጦሽ ቁራጭ ዛሬም ትቆጨኛለች። አፈሯ አሸዋ ይበዛበታል፤ ቢጨብጡት በጣት መሃል ያልቃል። ሮደስ ሣር አስዘራንባት። በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ ጉልበት አልፎ ወጣ፤ ባለቤቱ አጭደው ላሞቻቸውን አጠገቡ። በሦስተኛው በልግ ስመለስ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተለጥፏል። «ልጄ፣ ዘሩ አርጅቷል፤ ሌላ ዘር አምጣልኝ» አሉኝ።

ይህን ቃል ከገበሬም፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛም በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ ሰልችቶኛል። ዘሩ አላረጀም፤ ሣሩ ተርቧል። ቀላል አፈር ናይትሮጅን አያቆይም፤ ዝናቡ ይዞት ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት የምናየው ልምላሜ አፈሩ ለዓመታት ካጠራቀመው ጥቂት ስንቅ ማረሻ ቀስቅሶ ያወጣው ነው። ስንቁ ካለቀ በኋላ ሮደሱን በብራኪያሪያ፣ ብራኪያሪያውን በዴሾ ብንተካ ሁሉም የሚቀርበው ባዶ ገበታ ላይ ነው።

«ዩሪያ እንጨምርበታ» የሚሉም አሉ። አሸዋማ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ አይሰነብትም፤ በዚያ ላይ ሣሩን አስመንድጎ አብሮት የሚዘራውን የጥራጥሬ መኖ ያስውጠዋል። ሣሩን ሳይታክት ናይትሮጅን የሚመግበው ግን ያ ጥራጥሬ ነው።

ስለዚህ የጥራጥሬ መኖ በሣሩ ላይ የሚጨመር ምርቃት አይደለም፤ ድብልቁ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ሞቅ ባለው ዲላ ዙሪያ ስታይሎ ወይም ሲራትሮ ከሮደስ ጋር፣ ቡሌ ደጋ ላይ ቬች ከአጃ ጋር ይሄዳል። ከሚታጨደው መኖ ሲሶ ያህሉ ጥራጥሬ ካልሆነ ድብልቅ ዘራሁ አይባልም። የስታይሎ ዘር ልባሱ ጠንካራ ነው፤ በሙቅ ውሃ ካልተነከረ ብዙው ሳይበቅል ይተኛል፤ ያኔ «ጥራጥሬ እዚህ አይሆንም» ይባላል። በመጀመሪያው ወቅት ከብት ከገባበትም ዘር ሳያፈራ ያልቃል።

ጥራጥሬው መያዙን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም። አንዱን ተክል በቀስታ ቆፍራችሁ አውጡና ሥሩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን እብጠቶች በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን ከአየር እየወሰዱ ነው፤ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራ ላይ አይደሉም።

ጌዴኦ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰትን ከቡና፣ ቡናን ከዛፍ ያኖረ ነው። ቡናውን የሚያጠላው ብርብራም የጥራጥሬ ወገን ነው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ አፈሩን ያለማል። ከቡናው ላይ ብርብራውን የማይነቅል ገበሬ ሣሩን ለብቻው እንዲዘራ የምንመክረው እኛ ባለሙያዎቹ ነን።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለመጪው በልግ የዘር ጥያቄ ስትጽፉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጥራጥሬውን አስፍሩ። ሣሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ይድረስ።