ቴአትር በፍላሽ

ፍኖተ ሰላም ተወልጄ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬ እስክመረቅ ድረስ ቴአትር ቤት ገብቼ አላውቅም። እናቴም አክስቴም አያውቁም። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስንት ተውኔት ታይቶበታል! ከእኛ ቤት እስከዚያ በር ግን ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ቡሬ ያለ ጓደኛዬ «ሐሚልተን»ን በፍላሽ ሰጠኝ። ሊን ማኑዌል ሚራንዳ የጻፈው የኒውዮርክ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው፤ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የአሌክሳንደር ሐሚልተን ታሪክ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ተመልካች በተቀመጠበት እዚያው መድረክ ላይ ተቀረጸ፤ ኮሮና ቴአትር ቤቶችን በዘጋበት በ2012 ዓ.ም. በዲዝኒ ፕላስ ወጣ። በተቀረጸበት ሰሞን የምርጥ ወንበር ዋጋ 849 ዶላር ገብቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በወጉ ከፍዬ ልየው ብል እንኳ ዲዝኒ ፕላስ ለእኛ አገር አይሸጥም። ፈላጊ አለ፣ ሻጭ የለም።

ያን ዕለት አክስቴ ከገጠር ለገበያ መጥታ እኛ ቤት ነበረች። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካ ሁለቱም ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ በየመሀሉ እተረጉምላቸዋለሁ። ሐሚልተንና ጄፈርሰን «የክፍለ ግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት ይሸከም፣ አይሸከም» ብለው በራፕ ሲገጥሙ አክስቴ አስቆመችኝ።

«ተወው፣ ገባኝ። ፉከራ ነው።»

እኔ ያንን የዕዳ ጉዳይ ለፈተና ስሸመድደው ነው የከረምኩት።

ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። «በል ጨርስልን» አለች እናቴ። በጨለማ ነገርኳቸው፤ አሮን በር የሚባለው የድሮ ወዳጁ በሽጉጥ ግጥሚያ እንደገደለው። ማታ ሦስት ሰዓት መብራት ሲመጣ ይተኛሉ ብዬ ነበር። አክስቴ ግን «መስማቱንማ ሰማሁ፤ የገዳዩን ፊት ልየው እንጂ» አለች። አየችው። ካሜራው ቀርቦ እንባውንም ላቡንም ያሳያል፤ ይኼን የኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው አያገኘውም።

ከዚያ እናቴ ጠየቀችኝ፦ «እንዲህ ያለ በአማርኛ የለም?»

ምን ልበላት? የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ሀሁ በስድስት ወር» እንኳ እኔ የማውቀው በመጽሐፍ ነው።

ዊሊያም ቦሞልና ዊሊያም ቦወን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የመድረክ ሥራ ለምን እየተወደደ እንደሚሄድ አስረድተዋል። ፋብሪካ በማሽን ብዙ ያመርታል፤ አሥር ተዋናይ የሚፈልግ ተውኔት ግን ዛሬም አሥር ተዋናይ ይፈልጋል፣ ደመወዙ ደግሞ ይጨምራል። ቀረጻ ግን ሌላ ሒሳብ አለው፤ ወጪው አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ተጨማሪ ተመልካች የሚወጣው ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

«ሰው አዳራሽ መምጣት ይተዋል» የሚሉ ይኖራሉ። «ሐሚልተን» ፊልሙ ከወጣ በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ቴአትር ቤቶች ሲከፈቱ ወደ መድረኩ ተመልሶ ትኬቱን እየሸጠ ነው። ደግሞስ እናቴና አክስቴ መቼ የአዳራሹ ደንበኛ ሆነው ያውቃሉና ነው የሚቀሩት?

ስለዚህ ቴአትር ቤቶቻችን ሆይ፣ ቅረጹልን። ሲጠናቀቅና ከመድረክ ሲወርድም ቢሆን፣ ተዋናዩም ድርሻውን ያግኝ፣ እኛም በቴሌብር እንክፈል። በነፃ ስጡን አላልንም።

አክስቴ በቀጣዩ ገበያ ስትመጣ ገና ከበር ነው የጠየቀችኝ፦ «የአማርኛውን አገኘኸው?»