ሙስካትን ከባሕር ላይ ማየት

የኦማን ዋና ከተማ ሙስካት ለዘመናት ፊቷን ያዞረችው ወደ ባሕሩ ነው፤ ጀርባዋ በተራራ የተዘጋ በመሆኑ ነጋዴውም ጠላቱም በባሕሩ በር ይመጣባት ነበር። ታሪኳን መረዳት የሚሻ ጎብኚ ጀልባ ቢመርጥ የሚበጀውም ስለዚህ ነው።

ከባንደር አል ሮውዳ የጀልባ ማረፊያ የሚነሡ የጉብኝት ጀልባዎች ገደሉን ታክከው ወደ አሮጌው ሙስካት ይዘልቃሉ። በዚያም የወሽመጡን መግቢያ አል ጀላሊና አል ሚራኒ የተባሉ ምሽጎች ግራና ቀኝ ይጠብቁታል። ፖርቱጋሎች ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1507 ከያዙ በኋላ፣ በዚያው ምዕተ ዓመት መገባደጃ አጠናክረው የሠሯቸው ናቸው። ይሁንና ምሽጎቹ አላዳኗቸውም፤ በ1650 ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ከሙስካት አስወጥተዋቸዋል። በምሽጎቹ መካከል ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ያለው የአል አለም ቤተ መንግሥት ይታያል። በዙሪያው ባሉት ዐለቶች ላይም የጥንት መርከበኞች የመርከቦቻቸውን ስም ጽፈው አልፈዋል።

ጀልባው ወደ ሙጥራህ ሲቃረብ የጥበቃ ማማዎች፣ ሚናራዎችና ነጫጭ ቤቶች ብቅ ይላሉ፤ ከቤቶቹ ኋላ ዕጣንና የብር ጌጥ የሚሸጥበት ጥንታዊው ገበያ አለ። የሙጥራህ ሱልጣን ቃቡስ ወደብ የንግድ ጭነቱን በ2014 ለሶሃር ወደብ አስረክቦ ፊቱን ወደ ቱሪዝም መልሷል። በሸቀጥ ይኖር የነበረው ዳርቻ ዛሬ በቅርሱ መኖርን ይዟል፤ ምሽጉና ገበያው ካልተጠበቁ ግን እንግዳ የሚጠራበት ነገር አይኖረውም።

በጋው እጅግ ሞቃት በመሆኑ ለጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ይመረጣሉ። ማለዳ ወደ ባሕር የሚወጣ ተሳፋሪ ዶልፊኖችን የማየት ዕድልም አለው።